በኃላፊው ስልክ ውስጥ የቀረ ትእዛዝ የማን ሰነድ ነው?

አወያይ፦

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ትእዛዝ፣ ሪፖርትና የስብሰባ ውሳኔ በቴሌግራምና በግል ኢሜይል መተላለፉ የተለመደ ሆኗል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል የተያዘን መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ስለ መገናኛ ብዙኃን የነበረው የአዋጁ ክፍል በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 ቢተካም፣ መረጃ ስለማግኘት የሚናገረው ክፍል ጸንቶ እየሠራ ነው። ስለዚህ የዛሬው መከራከሪያችን፣ በኃላፊው የግል ስልክ ውስጥ ያለ የሥራ መልእክት በመንግሥት አካል እንደተያዘ መረጃ ሊቆጠር ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ነው። ተሳታፊዎች ስማችሁን ሳይሆን ሙያችሁን ወይም የምትኖሩበትን ቦታ ብቻ እንድትገልጹ እጠይቃለሁ።

የመዝገብ ቤት ባለሙያ፦

ሊቆጠር ይገባል እላለሁ፤ ምክንያቴንም ከሥራዬ ተነሥቼ ላስረዳ። ደብዳቤ ወደ መሥሪያ ቤት ሲገባ ቀንና ቁጥር ተሰጥቶት በገቢ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ኃላፊው በኅዳጉ ላይ ለማን እንደመራው ጽፎ ይፈርማል፤ ምላሹ በወጪ ቁጥር ይወጣና ከግርጌው ግልባጭ የተደረገላቸው ክፍሎች ይዘረዘራሉ፤ ቀሪው ደግሞ ከፋይሉ ጋር ይታሰራል። ይህ አሠራር አሰልቺ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ሃያ ዓመት ያለፈውን ፋይል አንሥቼ ማን ምን እንዳዘዘና በየትኛው ቀን እንዳዘዘ ከኅዳጉ ጽሑፍ ለማንበብ የቻልሁት በዚሁ አሠራር ምክንያት ነው።

አሁን የማየው ሌላ ነው። በቅርቡ አንዲት እናት የይዞታ ጉዳያቸው ለምን እንደቆመ ለማወቅ መጥተው ፋይላቸውን አወጣሁላቸው። ማመልከቻቸው አለ፤ የባለሙያው የመስክ ሪፖርትም አለ። ከዚያ በኋላ ግን «በተሰጠው መመሪያ መሠረት ለጊዜው ታግዷል» የምትል አንዲት መስመር በእርሳስ ተጽፋለች፤ ቀንም ቁጥርም የላትም። መመሪያው የትኛው እንደሆነ ባለሙያውን ስጠይቀው ስልኩን አውጥቶ ከቀድሞው ኃላፊ ጋር የተጻጻፈበትን ገጽ ከፈተልኝ። የኃላፊው ስም በነበረበት ቦታ «የተሰረዘ አካውንት» የሚል ተጽፏል፤ በዚያ ሰሞን የተላላኩት ሁሉም ጠፍቷል። ቴሌግራም ከሁለት ተጻጻፊዎች አንዱ ብቻውን የሁለቱንም ቅጂ እንዲያጠፋ ይፈቅዳል፤ መጥፋቱን የሚያሳይ ምልክትም አይተውም። እኚያ እናት ፋይሉን ከፊታቸው ዘርግቼላቸው ሳለ፣ ማን እንዳገደባቸውና ለምን እንዳገደባቸው ሳያውቁ ተመልሰዋል። ያንን ቀን አልረሳውም።

የሕግ ባለሙያ፦

የእኚያን እናት ጉዳይ ማንም ሊያቃልለው አይገባም፤ ይሁን እንጂ ከአንድ አሳዛኝ ጉዳይ ተነሥተን አጠቃላይ ደንብ ስናወጣ ሌላ መብት እንዳንረግጥ እሰጋለሁ። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 ማንም ሰው በፖስታ የሚላላካቸውን ደብዳቤዎች፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የሚያደርጋቸውንም ግንኙነቶች ከመደፈር ይጠብቃል። አንድ ሰው የመንግሥት ሠራተኛ በመሆኑ ብቻ ይህ ጥበቃ አይነሣበትም። በአንድ ስልክ ውስጥ የልጅ የምርመራ ውጤት፣ የዕቁብ ሒሳብ፣ የዕድር መልእክትና የሥራ ትእዛዝ ተደባልቆ ይገኛል። ይህን የሚለየው ማን ነው? በአዋጁ መሠረት መረጃ የሚሰጠው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ በ30 ቀን ውስጥ ምላሽ መስጠት ይጠበቅበታል እንጂ የአለቃውንና የባልደረባውን ስልክ የመፈተሽ ሥልጣን የለውም፤ ሊኖረውም አይገባም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሦስተኛ ወገኖችን መልእክት አሳልፎ መስጠት ተጨማሪ ጥንቃቄ የሚሻ ጉዳይ ሆኗል።

ሌላም ሥጋት አለኝ። የምጽፈው ሁሉ ነገ ይጠየቃል ብሎ የሚያስብ ኃላፊ መጻፉን ትቶ መደወል ይጀምራል። ያን ጊዜ ዛሬ በከፊልም ቢሆን የምናገኘውን የጽሑፍ ማስረጃ ጭምር እናጣለን።

ጋዜጠኛ፦

በአዋጁ መሠረት መረጃ የተከለከለ ሰው የክልከላውን ምክንያት ይዞ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ሊል ይችላል። እኔን በሥራዬ የሚገጥመኝ ግን ከክልከላ ይልቅ «እንዲህ ያለ ሰነድ በመሥሪያ ቤታችን አይገኝም» የሚል መልስ ነው። የተከለከለ ሰነድ ቢያንስ መኖሩ ይታወቃል፤ በሌለ ሰነድ ላይ ግን በምን ይግባኝ ይባላል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ያዛል። አሠራሩ ወደ ስልክ ከሄደ ግልጽነቱም ሊከተለው የሚገባ ይመስለኛል።

ከሲያትል የምሳተፍ፦

እኔ የምኖርበት የዋሽንግተን ግዛት ይህን ጥያቄ በፍርድ ቤት አይቶታል። የግዛቱ የሕዝብ መዛግብት ሕግ እ.ኤ.አ. በ1972 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀ በመሆኑ ስለ እጅ ስልክ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። በፒርስ ካውንቲ በሸሪፍ መሥሪያ ቤት የምትሠራ አንዲት መርማሪ የካውንቲውን ዐቃቤ ሕግ የግል ስልክ መልእክቶች ጠይቃ ስትከለከል ጉዳዩ እስከ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 በሰጠው ውሳኔ፣ ሠራተኛው ሥራውን ሲያከናውን የጻፈው መልእክት በግል ስልኩ ውስጥ ቢገኝም የሕዝብ መዝገብ ነው አለ። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ከሁለት ዓመት በኋላ በሳን ሆዜ ከተማ ጉዳይ ተመሳሳይ ውሳኔ ሰጥቷል።

የሕግ ባለሙያው «የሚለየው ማን ነው?» ላሉት፣ የዋሽንግተን ፍርድ ቤት የሰጠው መልስ ስልኩን ማንም አይነካውም የሚል ነው። ሠራተኛው ራሱ በቅን ልቦና ፈልጎ የሥራውን ያስረክባል፤ የግል ነው ብሎ ስላስቀረው ደግሞ በቃለ መሐላ በተደገፈ ጽሑፍ ምክንያቱን ያስረዳል።

ነገር ግን ፍርዱ ብቻውን እንዳልበቃን መናገር አለብኝ። እ.ኤ.አ. በ2020 ክረምት ካፒቶል ሂል በተባለው ሰፈራችን በተቃውሞ ሰልፈኞች ተዘግቶ የቆየ አካባቢ ነበር፤ ፖሊስም ጣቢያውን ለቅቆ ወጥቶ ነበር። ይህ የማን ትእዛዝ ነበር ተብሎ መልእክቶች ሲፈለጉ፣ የያኔዋ ከንቲባ ወደ አሥር ወር የሚጠጋ የስልክ መልእክት መጥፋቱ ታወቀ። ስልኩ መልእክቶችን ከ30 ቀን በኋላ በራሱ እንዲሰርዝ ሆኖ ተስተካክሎ ነበር። የፖሊስ አዛዧም መልእክት እንዲሁ ጠፋ። ነገሩን ያጋለጡት በከንቲባዋ ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ጥያቄ የሚያስተናግዱ ሠራተኞች ናቸው። በሰፈሩ ያሉ ነጋዴዎች ከተማዋን ከሰው ነበር፤ በመልእክቶቹ መጥፋት ምክንያት ፍርድ ቤቱ ከተማዋን ከቀጣ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ጉዳዩ በ3.65 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ገንዘቡ የእኛ የግብር ከፋዮቹ ነው፤ መልእክቶቹ ግን አልተመለሱም።

የሕግ ባለሙያ፦

ስልኩን ማንም ሳይነካው ባለቤቱ ራሱ ለይቶ ማስረከቡ የአንቀጽ 26ን ሥጋቴን በእጅጉ ያቃልልኛል፤ ይህን በግልጽ መቀበል ይገባኛል። አዋጁም ቢሆን መረጃን በወረቀት ብቻ አልወሰነውም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም የኤሌክትሮኒክ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ደንግጓል። ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች ይቀሩኛል። አንደኛው፣ «እሺ»፣ «ደርሻለሁ»፣ «ስብሰባው ወደ ስምንት ሰዓት ተዛውሯል» የሚሉትን ሁሉ መዝገብ ካልናቸው እውነተኛውን ውሳኔ ከገለባው መለየት ያቅተናል። ሁለተኛው፣ መልእክት በማጥፋቱ ሰውን ተጠያቂ ከማድረጋችን በፊት ምን እንደሚያስቀምጥ፣ የት እንደሚያስቀምጥና እስከ መቼ እንደሚያስቀምጥ በመመሪያ ሊነገረው ይገባል። ስለ ስልክ ጥሪ ላነሣሁትም እስካሁን መልስ አላገኘሁም።

የመዝገብ ቤት ባለሙያ፦

በመመሪያው አስፈላጊነት ላይ ከእርስዎ ጋር አንድ ነን። ስለ ጥሪው ግን የቀደመው አሠራራችን መልስ ያለው ይመስለኛል። «በስልክ በተነጋገርነው መሠረት» ብለው የሚጀምሩ ስንት ደብዳቤዎች በእጄ አልፈዋል! ኃላፊው ጉዳዩ አስቸኳይ ስለሆነ በስልክ ያዝዛል፤ ታዛዡ ደግሞ ነገ ብቻውን ተጠያቂ እንዳይሆን በማግስቱ በደብዳቤ ያጸናዋል። ይህን ያደርግ የነበረው ሠራተኛ የመረጃ ነፃነት አዋጅ አስገድዶት አልነበረም፤ ያለ ጽሑፍ ትእዛዝ ገንዘብ መክፈል ወይም ፋይል ማገድ ነውር ስለነበረ ነው። ቴሌግራም የመጣው ይህን ልማድ አስረስቶን ነው፤ መልእክቱ በጽሑፍ ስለሆነ የተመዘገበ መሰለን።

ገለባውን ስለመለየትም፣ እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። በመልእክቱ ምክንያት ገንዘብ ወጥቶ፣ ሰው ተሹሞ ወይም ተነሥቶ፣ የዜጋ ጉዳይ ተፈቅዶ ወይም ታግዶ ከሆነ ያ መልእክት ቁጥር አግኝቶ ከፋይሉ ጋር ይታሰር። የስብሰባው ሰዓት መዛወር ይቅር። የቴሌግራም የኮምፒውተር መተግበሪያ የተጻጻፉትን ከነቀኑና ከነላኪው ስም ያወጣል፤ ያንን አትሞ ቀሪ ማድረግ የአንድ ሠራተኛ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። መልእክቱ ትኩስ ሳለ ከተያዘ፣ ከዓመት በኋላ የማንንም ስልክ መጠየቅ አያስፈልግም።

መመሪያ እስኪወጣ ድረስ ግን ዛሬ ሊጀመር የሚችል አንድ ነገር አለ። ሠራተኛ ሲዛወር ወይም ሲለቅ የሚሞላው የክሊራንስ ቅጽ በየቢሮው አለ። ኮምፒውተሩን፣ ቁልፉን፣ ማኅተሙንና ወንበሩን ማስረከቡን እያንዳንዱ ክፍል እየፈረመ ያረጋግጣል፤ መዝገብ ቤትም በእጁ ያለ ፋይል እንደሌለ ይፈርምለታል። እኔም ለእኚያ ኃላፊ የፈረምሁት ይህንኑ ነበር፤ በእጃቸው አንድም ፋይል አልነበረምና። በዚያ ቅጽ ላይ በስልክ የተሰጡ የሥራ ትእዛዞችን ማስረከባቸውን የሚጠይቅ አንድ መስመር ቢኖር ኖሮ፣ ፊርማዬን ከማኖሬ በፊት እጠይቃቸው ነበር።