የፊልም ማጀቢያ ያለ ፊልሙ ኮንሰርት ይሆናል ወይ?

የሙዚቃ መምህር፣ ባሕር ዳር

ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው አብረን ያየነው ኮንሰርት ክርክር አስነስቶ ሳንጨርሰው መሽቶብን ተለያየን፤ እዚህ እንቀጥለው። ላልነበራችሁ በአጭሩ፦ ጣሊያናዊው የፊልም ሙዚቃ ደራሲ ኤኒዮ ሞሪኮኔ እ.ኤ.አ. በ2007 በቬኒስ ቅዱስ ማርቆስ አደባባይ፣ ኦርኬስትራና ኳየር ይዞ የራሱን ሥራዎች ራሱ የመራበት ቅጂ ነው። ጥያቄው ሁለት ነው። ለፊልም የተጻፈ ሙዚቃ ከምስሉ ተነጥሎ መድረክ ላይ ይቆማል ወይ? ይቆማል ካላችሁስ፣ እዚህ ባሕር ዳር ከሕዝብ በሚወጣ ገንዘብ የእኛን የፊልም ሙዚቃ ደራሲዎች ኦርኬስትራ አስይዞ ማቅረብ ተገቢ ነው?

እኔ ለሁለቱም አዎ ባይ ነኝ። ሞሪኮኔ አባቱም እሱም ትራምፔት ነፊዎች ናቸው፤ ድርሰት የተማረው ሮም፣ ሳንታ ቼቺሊያ ኮንሰርቫቶሪ ነው። ከ400 በላይ ለሚሆኑ የፊልምና የቴሌቪዥን ሥራዎች ሲደርስ የእያንዳንዱን መሣሪያ ኖታ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ራሱ ይጽፋል እንጂ ዜማውን ብቻ አውጥቶ ለሌላ አቀናባሪ አይሰጥም ነበር። እጁን ሳያወናጭፍ፣ ዓይኑን ከኖታው ብዙም ሳያነሣ ሲመራ ያያችሁት ለዚህ ነው። እያንዳንዷን መስመር ያውቃታል።

ፊልም ሠሪ፣ ባሕር ዳር

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ የመጀመሪያውን አልቀበለውም። እኔ ፊልም ላይ ሙዚቃ የማስገባው ተዋናይዋ ዝም ስትል ነው። ንግግር ሲጀመር ድምፁን ዝቅ አደርገዋለሁ፤ ትዕይንቱ ሲያልቅ ዜማው መሃል ላይ ቢሆንም እቆርጠዋለሁ። አንዱ ቦታ አርባ ሰከንድ፣ ሌላው ቦታ ሁለት ደቂቃ ነው። ደራሲው የጻፈልኝ ለዚያች ፊት፣ ለዚያች ዝምታ ነው። ፊቷን አንሥታችሁ ሙዚቃውን ብቻ ስታስቀሩት ግማሹን ነው የያዛችሁት። ቬኒስ ላይ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ያጨበጨበው ለሙዚቃው ነው ወይስ ድሮ ላየው ፊልም? ፊልሙን ያላየ ሰውስ ምን ይሰማዋል?

ተማሪ፣ ዳንግላ

ለዚህኛው ጥያቄ እኔ ልመልስ፣ ምክንያቱም ከፊልሞቹ አንዱንም አላየሁም። ሶፕራኖዋ፣ ያቺ ባለ ቀጭን ከፍተኛ ድምፅ ዘፋኝ፣ ቃል የሌለው ዜማ ይዛ ወደ ላይ ስትወጣ፣ ቫዮሊኖቹ ከሥር እየተከተሏት፣ ኳየሩ ተነሥቶ ሲጨምርበት፣ መቀመጫዬ ላይ መርጋት አቃተኝ። በኋላ ነው አንድ ሰው በመቃብር መካከል ወርቅ ፍለጋ የሚሮጥበት ትዕይንት እንደሆነ የነገራችሁኝ። እኔ ግን ስሰማው ያሰብኩት አባቴን ነው፤ ለመኸር ሲወጣ ከሩቅ የምሰማውን እንጉርጉሮውን። ስለዚህ ፊልሙን ያላየ ሰውም ይሰማዋል።

የሙዚቃ መምህር፣ ባሕር ዳር

እህቴ ፊልም ሠሪዋ፣ የምትዪው ለብዙ ማጀቢያ እውነት ነው። ነገር ግን ሞሪኮኔ ከትምህርት ቤት ጓደኛው ከዳይሬክተሩ ከሰርጂዮ ሊዮኔ ጋር በሠራው እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣው ፊልም ሙዚቃው ቀረጻው ሳይጀመር አልቆ ነበር። ዳይሬክተሩ ቀረጻ ቦታው ላይ እያስከፈተ ተዋናዮቹ በሙዚቃው ፍጥነት እንዲራመዱ ያደርግ ነበር። እዚያ ላይ ማን ነው ማንን የሚያጅበው?

ስለ ቁርጥራጩም አንድ ነገር ልጨምር። ለፊልም ሲቀረጽ መሪው ከምስሉ ጋር በሰከንድ የታሰረ ነው፤ በሩ ከመዘጋቱ በፊት ማለቅ ካለበት ማለቅ አለበት። ኮንሰርት ላይ ግን ያ ማሰሪያ ይወልቃል። ደራሲው አጫጭሮቹን ያያይዛቸዋል፣ መሸጋገሪያ ይጽፍላቸዋል፣ ፊልሙ ላይ የተቆረጠችበትን ማሳረፊያ እስከ መጨረሻዋ ያስነፋታል። ራሱ ደራሲው መምራቱ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። ሌላ መሪ ቢሆን ፊልሙ ላይ የሰማውን ፍጥነት ይጠብቅ ነበር፤ እሱ ግን ከመጀመሪያውም ምን ያህል እንዲረዝም ፈልጎ እንደነበር ያውቃል።

መሪጌታ፣ ደብረ ማርቆስ

ልጆቼ፣ ስለ ፊልም እምብዛም የምናገረው የለኝም። ዜማ ግን ከነጊዜው፣ ከነቦታው ነው የሚኖረው። የጾመ ድጓውን ዜማ በፋሲካ አታነሣውም፤ በግዕዝ ዜማ የሚባለው በአራራይ ዜማ ሲባል ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ሙዚቃ ከተሠራበት ነገር ሲነጠል ይጎድልበታል የምትለው ልጄ ያለችው ነገር ለእኔ እንግዳ አይደለም።

የከበደኝ ግን ሌላ ነው። መጨረሻ አካባቢ ኳየሩ የቤተ ክርስቲያን የሚመስል ዝማሬ ሲያዜም ከበሮ ገባበት። ምንድን ነው እሱ? ነገ እኛም አገር እንዲህ ይደረግ ብትሉ፣ ጸናጽሉንና መቋሚያውን ከማኅሌት አውጥታችሁ ትኬት በሚቆረጥበት አዳራሽ ልታቆሙት ነው ማለት ነው።

የሙዚቃ መምህር፣ ባሕር ዳር

የኔታ፣ ጥሩ ቦታ ላይ ነው የያዙኝ። እርስዎ ያሉት «ዘ ሚሽን» ለተባለው እ.ኤ.አ. በ1986 ለወጣ ፊልም የተጻፈ ነው። ታሪኩ በ18ኛው መቶ ዘመን ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ነው፤ አንድ የካቶሊክ መነኩሴ ጫካ ገብቶ፣ ጉዋራኒ የሚባሉት የአገሩ ሰዎች ከበውት ቆመው ሳሉ ኦቦ የሚባል የእንጨት የትንፋሽ መሣሪያ ይነፋላቸዋል። ሞሪኮኔ ሦስት ነገር ወሰደ፦ የመነኩሴውን የኦቦ ዜማ፣ በዚያ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ይዘመር የነበረውን ዓይነት የኳየር መዝሙር፣ የአገሬውን ሰዎች ምት። መጀመሪያ ሁለት ሁለቱን እያገናኘ ያሰማቸዋል፤ በመጨረሻ ሦስቱም አንድ ላይ ይሄዳሉ። ደግመው ቢያዳምጡት ከበሮው መዝሙሩን አልዋጠውም፣ መዝሙሩም ከበሮውን አላለዘበውም። ኦቦው ከሁለቱም በላይ እየሄደ ይሰማል። ይህን በጆሮ የሚለይ ሰው ፊልሙን ማየት አያስፈልገውም።

ማኅሌቱን መድረክ ላይ እናውጣ አላልኩም፣ አልልምም። የሠርግ ከበሮ አለን፣ እስክስታ አለን፣ ፉከራ አለን፣ የእረኛ ዋሽንት አለን። ድንበሩን የኔታ እንዳሉት እናክብረው፤ ከድንበሩ ወዲህ ያለው ራሱ ሰፊ ነው።

መሪጌታ፣ ደብረ ማርቆስ

ድንበሩ ከተጠበቀ በቀረው አልቃወምም። ግን ተጽፎ ይቀመጥ።

ማሲንቆ ተጫዋች፣ ሞጣ

ወንድሞቼ፣ ስለ ቬኒስ ስታወሩ እኔ የማስበው ወንበር የሚሰጠን የት እንደሆነ ነው። ለአንድ ፊልም ተጠርቼ ስቱዲዮ ገብቼ ትዝታም አምባሰልም ስጫወትላቸው ዋልኩ። የቀን አበል ተሰጠኝና ተሸኘሁ። ከዚያ ወዲህ ያቺው የእኔ አገራረፍ በሌሎች ፊልሞች ላይ ስትመጣ እሰማለሁ። የጠየቀኝ የለም፤ ስሜም አልተጻፈም። በኮንሰርቱም ኦርኬስትራው መሃል ተቀምጦ እኔ ለጌጥ ጥግ የምቆም ከሆነ አልመጣም።

ሥራውም እንደምታወሩት ቀላል አይደለም። ኦርኬስትራ ሲቃኝ ኦቦው አንድ ድምፅ ይሰጥና ሁሉም በእሱ ይገባል። ማሲንቆ አንድ ጭራ ነው፤ አጥብቄም አላልቼም እደርስበታለሁ። ዋሽንት ነፊው ግን ቀዳዳውን አንዴ ከበሳው በኋላ የሚያጠብቀው ነገር የለውም። ለዚህ ነው ረጅምና አጭር ዋሽንት በአንድ ከረጢት ይዞ የሚዞረው። ከኦርኬስትራው ጋር የሚገጥም ዋሽንት አስቀድሞ መሠራት አለበት። የአንቺሆዬን ቅኝት ደግሞ ፒያኖ ላይ ስትመቱት የሚጎድለው ነገር አለ። ጣት ነው የሚያገኘው። ይህን የማያውቅ ደራሲ ወረቀት ይዞ መጥቶ «ተጫወት» ቢለኝ አብረን አንዘልቅም። ራሱ ደራሲው ፊቴ ቆሞ ከመራኝ ግን፣ ያልገባኝን እጠይቀዋለሁ፣ ያልገባውን አሳየዋለሁ። በዚህ በኩል ከጋሼ ጋር ነኝ።

ፊልም ሠሪ፣ ባሕር ዳር

ወንድሜ፣ የደረሰብህ ነገር እውነቱን ለመናገር በሙያችን የተለመደ ነው፤ ያሳፍራል። አብዛኞቻችን ሙዚቃ የምናገኘው ከኪቦርድ ወይም ከኢንተርኔት አውርደን ነው፤ ለደራሲ የሚከፈለው በጀቱ ሲያልቅ የተረፈው ነው። አሁን ሳስበው የእኔ ተቃውሞ ግማሹ ከዚህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። የእኛ ማጀቢያ ለብቻው የማይቆመው ማጀቢያ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን እንዲቆም ተደርጎ ስላልተጻፈም ነው።

ነጋዴ፣ ቡሬ

እኔ ሙዚቃ እወዳለሁ፤ ሒሳብም አውቃለሁ። ስድሳ ሰባ ሰው ከአዲስ አበባ ታመጣላችሁ። በዚህ ጊዜ በመኪና አይታሰብም፤ ቢያንስ ለሰዉ አውሮፕላን ነው። ትልልቆቹ መሣሪያዎች፣ ኮንትራባሱ፣ ቲምፓኒው እንዴት ሊመጡ ነው? ማደሪያ፣ አበል፣ የልምምድ ቀናት አለ። ሙሉዓለም አዳራሽ ቢፈቀድላችሁ እንኳ አንድ ምሽት ነው። መብራት ቢጠፋ ኦርኬስትራው ያለ ድምፅ ማጉያ ይጫወታል ትሉኛላችሁ፤ ኖታውን በምን ያነቡታል? በዚያ ገንዘብ ለስንት ትምህርት ቤት ክራር ይገዛል? መንገድ ተዘግቶበት የሰነበተ ሰው ግብሩ ለአንድ ምሽት ጭብጨባ ሲወጣ ቢያይ ምን ይላል?

የሙዚቃ መምህር፣ ባሕር ዳር

ጋሽዬ፣ ሰባ ሰው ይምጣ አላልኩም። ለመጀመሪያ ጊዜ አሥራ አምስት ይበቃል፦ ጥቂት ቫዮሊንና ቼሎ፣ አንድ ትራምፔት፣ የቀሩት ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ። ባለ ኖታዎቹን ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተመራቂዎች እናገኛለን፤ የቀሩት እዚሁ ጎጃም አሉ። ኦርኬስትራ ለእኛ የባዕድ ነገር ነው የሚለውም አይገዛኝም። አልጋ ወራሽ ተፈሪ ሙዚቀኞቹን አርባ የአርመን ልጆች ከኢየሩሳሌም ያስመጡት በ1916 ዓ.ም. ነው፤ ከነመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር። የወንድሙ ልጅ ነርሰስ ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ቤት የእኛን ቅኝት ለኦርኬስትራ መሣሪያዎች እየጻፈ ሲያስጠና ኖረ። ደራሲም አልጠፋም። ለ«ጤዛ» ፊልም ሙዚቃ ከጻፉት አንዱ ጆርጋ መስፍን የእኛው ሳክስፎን ተጫዋች ነው።

ለሞጣው ወንድሜ ደግሞ ይህን እላለሁ፦ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው ብቻ ሳይሆን ለተጫዋቹም መብት ይሰጣል። ኮንሰርቱ ቢቀረጽ የሁሉም ስም ይጻፋል፤ ቅጂው ሌላ ፊልም ላይ ቢውል በውል ይከፈላል። ውሉ ከልምምዱ በፊት ይፈረማል። ወንበሩም ከቫዮሊኖቹ ጎን ነው፣ ጥግ አይደለም።

ማሲንቆ ተጫዋች፣ ሞጣ

ውሉ በአማርኛ ተጽፎ አስቀድሞ ከተሰጠኝ እመጣለሁ። ዋሽንት የሚሠራም ሰው አውቃለሁ፤ የኦቦውን ድምፅ ቀድታችሁ ላኩልኝና በዚያ ልክ ያስበሳዋል።

ነጋዴ፣ ቡሬ

አሥራ አምስት ሰው ከሆነ ሒሳቡ ይለወጣል፣ አልክድም። እኔ ግን ባሕር ዳር ብቻ ታይቶ የሚያልቅ ነገር ላይ የሕዝብ ገንዘብ ይውጣ አልልም። ደብረ ማርቆስም፣ ቡሬም፣ ሞጣም ይምጣ፤ የቀን ልምምዱም ለተማሪዎች በነጻ ይከፈት። ይህ ከተጻፈበት ለአዳራሽ ኪራዩ የድርሻዬን አዋጣለሁ። ካልተጻፈ ድምፄ ተቃውሞ ተብሎ ይመዝገብ።