ካሴትና ሲዲዎቼን ገልብጬ ላስወግዳቸው ወይስ ላስቀምጣቸው?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁም። ወደ 150 ሲዲና 60 ያህል ካሴት አለኝ። ቤት ልንቀይር ነው፤ አዲሱ ቤት ጠበብ ይላል። ባለቤቴ «ሁሉንም ኮምፒውተር ላይ ገልብጪና አስወግጃቸው፤ ዘፈን እንደሆነ ከኢንተርኔት ይወርዳል» ይለኛል። ሐሳቡ ይገባኛል። እኔ ግን ሙዚቃ የምሰማው ሽፋኑን በእጄ ይዤ፣ የተጫዋቾቹን ስም እያነበብኩ፣ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ነው። ስልክ ላይ ሲሆን አንዱን ሳልጨርስ ሌላው ላይ እገኛለሁ። ደግሞ በአንዳንዶቹ ካሴቶች ላይ የዘፈኖቹን ዝርዝር የጻፈችው እናቴ ናት።

ከገለበጥኩ በኋላ ዋናዎቹን ማስቀመጥ ጥቅም አለው? የድምፅ ልዩነትስ በእውነት አለ ወይስ ለእኔ ብቻ ነው የሚመስለኝ? ሲዲ ማጫወቻዬም ሰሞኑን እየዘለለ አስቸግሮኛል። ምን ላድርግ?

መልስ (ሲዲ ሰብሳቢ)
እህቴ፣ እባክሽ አትጣያቸው። መጀመሪያ ስለ ድምፁ። ሲዲ ድምፁን በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ፣ እያንዳንዱን ልኬት በ16 ቢት ይመዘግባል። ኤምፒ3 ደግሞ ፋይሉን ለማሳነስ «ጆሮ አይለየውም» የሚለውን ክፍል ቆርጦ ይጥላል። በሰከንድ 128 ኪሎቢት (ቁጥሩ ሲያንስ የሚጣለው ይበዛል) የተሠራ ከሆነ ጉዳቱ ይሰማል፤ በተለይ የድራሙ ሳህኖች ሲመቱ ድምፃቸው ይፈርሳል። በ320 ከሆነ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ሞክሬ እኔም አልለየሁትም። ስለዚህ ለእኔ ዋናው ምክንያት ድምፁ አይደለም። ሲዲው እጅሽ ላይ እስካለ ድረስ የፈለግሽውን ዓይነት ፋይል በፈለግሽ ጊዜ ታወጪያለሽ። ከኤምፒ3 ወደ ሲዲው ጥራት መመለስ ግን አይቻልም፤ የተቆረጠው ተቆርጧል።

ስትገለብጪ በኤምፒ3 ሳይሆን ፍላክ (FLAC) በሚባለው የፋይል ዓይነት ገልብጪ። ምንም ሳይጥል መጠኑን ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል። 150 ሲዲ 50 ጊጋባይት አካባቢ ቢይዝ ነው።

ስለ ቦታው ደግሞ፣ ብዙ ቦታ የሚበላው ዲስኩ ሳይሆን ጠንካራው የፕላስቲክ ሳጥን ነው። ዲስኩንና የሽፋኑን ወረቀት አብሮ የሚይዝ ስስ የፕላስቲክ ከረጢት አለ። እኔ ሁሉንም ወደዚያ አዛውሬ ሁለት መደርደሪያ ሙሉ የነበረው አንድ ካርቶን ውስጥ ገባልኝ። ወረቀቱን ብቻ እንዳትጥይ!

መልስ (ጠጋኝ)
መዝለሉን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ሌላ ሲዲ ሞክሪበት። አንዱ ብቻ ከዘለለ ችግሩ ዲስኩ ነው። ሁሉም ከዘለሉ ብዙውን ጊዜ ዲስኩን የሚያነበው ትንሽ መስታወት (ሌንሱ) አቧራ ይዞ ነው። ማጫወቻውን ከሶኬት ንቀይና በጥጥ ላይ ትንሽ አልኮል አድርገሽ ሳትጫኚ ጥረጊው።

ዲስክ ሲጠረግ ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ ብሎ ነው እንጂ በክብ አይደለም። መረጃው የተጻፈው በክብ ስለሆነ፣ ክቡን ተከትሎ የሚሄድ ጭረት ተከታታይ መረጃ ያጠፋል። አቋርጦ የሚያልፈውን ጭረት ግን ማጫወቻው ራሱ ብዙ ጊዜ ያርመዋል። ደግሞ ሰው ሁሉ የሚጠነቀቀው ለታችኛው ገጽ ነው። የሚያንጸባርቀው ስስ ብረት ያለው ከላይ፣ ከጽሑፉ ሥር ነው። እዚያ ላይ በእስክሪብቶ አትጻፊ፣ ወረቀትም አትለጥፊ።

መልስ (ሁሉን ያስወገደ)
እኔ የዛሬ አምስት ዓመት ሁሉንም ገልብጬ ዕቃውን ለሰው ሰጠሁ። ፋይሎቹ አንድ ሀርድ ዲስክ ላይ ነበሩ። አንድ ቀን አልነሳም አለ፤ በዚያው አበቃ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሁለት ቦታ ማስቀመጥ ነበረብኝ። አሁን የሚቆጨኝ ግን ዘፈኖቹ አይደሉም። ብዙዎቹን መልሼ አውርጃለሁ። ወንድሜ በስጦታ ሲሰጠኝ ሽፋናቸው ላይ የጻፈልኝን የት አገኘዋለሁ?

ኢንተርኔት ላይ ያለውም ቢሆን ዘላለም አይኖርም። ሙዚቀኞች ዘፈናቸውን ይጭኑበት የነበረው ማይስፔስ የተባለው ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2019 ለዓመታት የተጫነበት ሙዚቃ እንደጠፋ አስታውቋል።

መልስ (የካሴት ወዳጅ)
ከሲዲዎቹ በፊት ካሴቶቹን ቅደሚ። በተለይ የእናትሽን። ክር በዕድሜ ይደክማል።

ለዓመታት ካልተከፈተ ከማጫወትሽ በፊት አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻ አጠንጥነሽ መልሺው፤ የተጣበቀው ይላቀቃል። ክሩ ከላላ ቀዳዳው ውስጥ እስክሪብቶ ከተሽ በእጅ አጥብቂው። የቴፑን ሄድ (ክሩን የሚያነበውን ብረት) እና ክሩን የሚጎትተውን ጎማ አጽጂ፤ የቆሸሸ ጎማ ክር ይበላል። ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሪያቸው። ከዚያ በኋላ ማንም ተሳስቶ በላዩ ላይ አይቀዳበትም።

ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተሩ የድምፅ ማስገቢያ ገመድ አገናኚና በኦዳሲቲ ቅጂው፤ ነፃ ፕሮግራም ነው። የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል፣ አቋራጭ የለውም። በሳምንት ሁለት ብትቀጂ በሰባት ወር ትጨርሺያለሽ። እያዳመጥሽ ስለሆነ አይሰለችም። የእናትሽን ጽሑፍ ፎቶ አንሺው። ካሴቶቹን ከስፒከር አርቂያቸው፣ ማግኔት አለው።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሌንሱን ጠረግኩት፤ መዝለሉን ተወ። ከሳጥን ወደ ከረጢት የማዛወሩን ነገር ለባለቤቴ ሳሳየው «እንዲህ ከሆነማ ይቀመጡ» አለ። ትናንት ማታ የእናቴን የመጀመሪያውን ካሴት ቀዳሁ። በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ፣ ዘፈኑ ካለቀ በኋላ፣ «አጥፊው፣ አለቀ» የሚል የእሷ ድምፅ አለ። እስከ ዛሬ አልሰማሁትም ነበር።