በመዋጮው ገንዘብ የልብ ምት ሰዓት እንግዛ ወይስ ይቅር?

ከማራኪ (ገንዘብ ያዥ)፦
እንደምን አደራችሁ የጎንደር ሶምሶማ ቤተሰብ። ቅዳሜ ከሶምሶማ መልስ የጀመርነው ክርክር መንገድ ላይ ስለቀረ እዚህ እንጨርሰው። ላልነበራችሁ በአጭሩ፦ ከመዋጯችን የተረፈ ገንዘብ አለ። አንዳንዶቻችሁ "ዕድሜያቸው ከ50 ላለፈ አባላት የልብ ምት የሚለካ ሰዓት እንግዛላቸው" አላችሁ። ሌሎቻችሁ "ብር ማባከን ነው" አላችሁ። ብሩ በእጄ ስለሆነ አቋሜን ቀድሜ ልናገር። ሰዓቱ ይጠቅማል፤ የገዛ ሰው ይሰረው። ግን ለትልልቆቻችን "ይኼ የሚልህን አድርግ" ብለን ብንሰጣቸው ያሳስበኛል። በተለይ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱት ብዙ በሆኑበት ቡድን። ተቃውሞ ያለው ይምጣ።

ከአዘዞ፦
እህት ዓለም፣ እኔ ተቃውሞ አለኝ። የስፖርት መምህር ነኝ፣ ብዙ ጀማሪ አይቻለሁ። የጀማሪ ችግሩ ስንፍና አይደለም፣ ችኮላ ነው። ሰው መጀመሪያ ሲወጣ ከፊቱ ያለውን ጎረምሳ ካልደረስኩ ይላል። ወደ ጎሃ ኮረብታ የሚያወጣውን ዳገት ሳላርፍ ካልጨረስኩ ይላል። ከዚያ ጉልበቱን አሞት ቤቱ ይቀራል፤ ተመልሶም አይመጣም። ሰዓቱ ይህን ሰው "ቀስ በል" ይለዋል። እኔ ብለው ይከፋዋል፣ ቁጥሩን ሲያይ ግን ይቀበላል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር መካከለኛ እንቅስቃሴ ከከፍተኛው የልብ ምት ከ50 እስከ 70 በመቶ፣ ጠንካራው ከ70 እስከ 85 በመቶ ነው ይላል። ያለ መለኪያ ይህን በምን እናውቀዋለን?

ከፒያሳ፦
ልጆቼ፣ አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲገባ የልብ ምት ሰዓት አስሮ ነበር? እኔ 63 ዓመቴ ነው። ሲደክመኝ አውቃለሁ። ሲደክመኝ አርፋለሁ።

ከአዘዞ፦
አባባ፣ በአክብሮት ልመልስ። አበበ ኦኒ ኒስካነን የሚባል ስዊድናዊ አሰልጣኝ ነበረው። አጠገቡ ቆሞ የሚያየው ሰው ነበረው ማለት ነው። እኛን ማን ያየናል? ደግሞ "ሲደክመኝ አውቃለሁ" የሚለው ሁሉ አያውቅም። እርስዎ ለዓመታት የለመዱት ነገር ነው።

ከማራኪ (ገንዘብ ያዥ)፦
መምህር፣ "ከ50 እስከ 70 በመቶ" አልክ። የምን 50 በመቶ? ሥሩ እዚያ ላይ ነው። ሰዓቱ የእያንዳንዳችንን ከፍተኛ ምት ለክቶ አያውቅም። ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ያስገቡለትና ከ220 ላይ ይቀንሳል። ይህ ቀመር እ.ኤ.አ. በ1971 ፎክስና ባልደረቦቹ ሌሎች የሠሯቸውን ጥናቶች ሰብስበው በግምት ያሰመሩት መስመር ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ታናካና ባልደረቦቹ ሌላ አወጡ፦ 208 ሲቀነስ የዕድሜ 0.7።

እስቲ በ58 ዓመት ሰው እንሞክረው። የመጀመሪያው 162 ይሰጣል። ሁለተኛው ወደ 167። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ችግሩ ሁለቱም የሚነግሩን የብዙ ሰው አማካይ መሆኑ ነው። በአንድ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ከአማካዩ 10 ወይም 12 ምት ወዲያና ወዲህ ማለታቸው የተለመደ ነው፤ ከዚያም በላይ የሚርቅ አለ። ስለዚህ የአንዱ የ58 ዓመት ሰው እውነተኛ ጣሪያ 150 ሊሆን ይችላል። የጎረቤቱ 175። ሰዓቱ ሁለቱንም 162 ብሎ ይዞ ለሁለቱም አንድ ዓይነት የ"ቀስ በል" ወይም የ"ጨምር" ቀለም ያበራላቸዋል። አንዱን ያለ አግባብ ያዘገየዋል፣ ሌላውን ያለ አግባብ ይገፋዋል። ለወጣት ይህ ብዙም ላይጎዳ ይችላል። እኛ ግን ልንገዛ ያሰብነው ለትልልቆች ነው።

ከቀበሌ 18፦
ነርስ ነኝ። የመድኃኒቱን ነገር ላብራራው፣ ምክንያቱም ከቀመሩ የባሰ ነው። አቴኖሎል፣ ፕሮፕራኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል የሚባሉት መድኃኒቶች ልብ ቶሎ ቶሎ እንዳትመታ ያደርጋሉ። ሥራቸው ነው። ይህን የሚወስድ ሰው ዳገት ላይ ላብ አጥምቆት፣ ትንፋሹ ተቆራርጦ፣ ሰዓቱ 105 ሊለው ይችላል። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው "ገና ነኝ" ብሎ ይጨምራል።

ሁሉም የግፊት መድኃኒት ግን እንዲህ አይደለም። ለምሳሌ አምሎዲፒን ምትን እንደነዚያ አያወርድም። የምትወስዱትን ስም ከካርቶኑ ላይ አንብባችሁ የጻፈላችሁን ሐኪም ጠይቁ። አደራ፣ "ለስፖርት ይመቸኛል" ብላችሁ በራሳችሁ እንዳታቋርጡት። እነዚህን መድኃኒቶች በድንገት ማቆም ልብን ይጎዳል።

ሌላ አደራ። ደረት ላይ የሚጫን ነገር ከተሰማችሁ፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ዓይናችሁ ከጨለመባችሁ፣ ሰዓቱ ምንም ይበል ምን ቁሙ። አጠገባችሁ ላለ ሰው ተናገሩና ሆስፒታል ሂዱ።

ከአራዳ፦
እኔ ሞባይልና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ብትገዙ ከእኔ ልትገዙ ትችላላችሁ፤ ቢሆንም እውነቱን ልንገራችሁ። ገበያው ላይ ኦርጅናልም አለ፣ ኮፒም አለ፤ የሚበዛው ኮፒው ነው። ባለፈው አንድ ደንበኛ "ይሠራል ወይ?" ሲለኝ ሰዓቱን ባንኮኒው ላይ ያለ ሙዝ ላይ አሰርኩት። ከኋላው ያለው አረንጓዴ መብራት በራ። ትንሽ አሰበና 78 አለ። ደንበኛው ሙዙን አየ፣ እኔን አየ፣ ሳይገዛ ወጣ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አረንጓዴው ብርሃን ቆዳ ውስጥ ይገባል። ደም አረንጓዴ ብርሃንን ይመጥጣል። ልብ በመታ ቁጥር በሥሩ ውስጥ ያለው ደም ስለሚጨምር የሚመለሰው ብርሃን ይቀንሳል። ሰዓቱ ይህን ከፍ ዝቅ ይቆጥራል። ሙዝም ብርሃን ይመልሳል፤ ሰዓቱ ከዚያ ውስጥ የሌለ ምት ፈልጎ ያወጣል። ኦርጅናሉንም አንዳንዴ እንዲህ ማታለል ይቻላል። ስለዚህ ሙዙ ብቻውን ኮፒ መሆኑን አያረጋግጥም። ቁጥር ስላያችሁ ብቻ ተለካ እንዳትሉ ነው የምላችሁ።

"ስኳርም እለካለሁ" የሚል ሰዓት ቢያመጡላችሁ ደግሞ አትግዙ። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2024 ቆዳ ሳይወጋ ስኳር እንዲለካ የፈቀደው አንድም ሰዓት እንደሌለ አስጠንቅቋል።

ከሳሙናበር፦
እኔ ደግሞ ሰዓት ካሠርኩ ቆይቻለሁ፤ ስሙ እንዲህ ሲጠፋ ዝም አልልም። በእኔ በኩል ትልቁ ጥቅሙ ሩጫው ላይ አይደለም። ጠዋት ከአልጋ ሳልነሳ የማየው ቁጥር ነው። ሰው ዝም ብሎ ሲተኛ ሰዓቱ ጥሩ ይለካል። የአዋቂ ሰው የእረፍት ምት በተለምዶ ከ60 እስከ 100 ነው፤ የሠለጠነ ሯጭ 40ዎቹ ውስጥ ይገባል። የእኔ ከወር ወር ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁት። ሚዛን ላይ ምንም ሳይቀየር ልቤ ሲጠነክር በዓይኔ አየሁ። ስፖርቱን ሳልተው የቀጠልኩት በዚያ ነው። ጉንፋን ሊጀምረኝ ሲልም ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ያን ቀን ሩጫውን ትቼ በእግሬ ብቻ እሄዳለሁ።

ሩጫ ላይ ያለውን ድክመት አልክድም። በታኅሣሥ ብርድ ጠዋት ስንነሳ እጃችን ይቀዘቅዛል፣ ደሙ ከቆዳ ይሸሻል፣ ሰዓቱም ይጠፋበታል። የማሟሟቂያው ጊዜ ሁሉ አለፍ አለፍ እያለ ነው የሚያሳየኝ። አንዳንዴ ደግሞ ገና ስጀምር 170 ይላል። ልቤ አይደለም፤ የእርምጃዬን ምት ነው የሚቆጥረው። ከእጅ አንጓ አጥንት አንድ ሁለት ጣት ከፍ አድርጎ ጠበቅ ሲያደርጉት ይሻላል። ደረት ላይ የሚታሰረው ቀበቶ ግን የልብን ኤሌክትሪክ ስለሚያነብ እንዲህ አይሳሳትም። ፖላር የሚባለው የፊንላንድ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1982 ያለ ሽቦ የሚሠራውን ሲያወጣ በደረት ቀበቶ ነበር።

ከቀሃ፦
እኔ የምወደው ያቃጠልኩትን ካሎሪ ስለሚነግረኝ ነው። በዚያ ልክ እበላለሁ።

ከማራኪ (ገንዘብ ያዥ)፦
እህቴ፣ እሱን አትመኚው። እ.ኤ.አ. በ2017 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት ዓይነት የእጅ መለኪያ በ60 ሰዎች ላይ ፈትሸው ነበር። ስድስቱ የልብ ምትን ከ5 በመቶ ባነሰ ስሕተት ለኩ፤ ይህ ለመምህሩ ወገን ነው። ካሎሪ ላይ ግን አንዱም አልተሳካለትም። የተሻለው በአማካይ 27 በመቶ ሳተ፣ የባሰው 93 በመቶ።

ከአውቶ ፓርኮ፦
ሹፌር ነኝ፣ መተማ እመላለሳለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ጎንደር የምሄደውን ፍጥነት መተማ ሙቀት ላይ ስሄደው ሰዓቱ በጣም ከፍ ይላል። ያው ሰው፣ ያው እግር።

ከቀበሌ 18፦
ልክ ነህ ወንድሜ። ሰውነት ለመቀዝቀዝ ደም ወደ ቆዳ ይልካል፣ ልብ ለሁለት ሥራ ትመታለች። ውኃ ማነስም እንዲሁ ነው። ጾም ይዛችሁ ውኃ ሳትቀምሱ የምትወጡ፣ ቡና ጠጥታችሁ የምትወጡ፣ ሌሊት ያልተኛችሁ፣ ቁጥሩ በእነዚህ ሁሉ ይለወጣል። ከቆላ የመጣ እንግዳም ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች መጀመሪያ ቀናት ላይ ምቱ ይጨምርበታል።

ከአዘዞ፦
እሺ፣ ሁሉንም ሰማሁ። ግን እናንተ የምትሉት "ቁጥሩን አንብቦ መረዳት ያስፈልጋል" ነው እንጂ "አያስፈልግም" አይደለም። አንድ ነገር ደግሞ ተረስቷል። የተዛባ የልብ ምት የሚጠቁሙ ሰዓቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመው የአፕል ጥናት ከ4 መቶ ሺህ በላይ ሰው ተሳትፎ፣ 0.52 በመቶው "ምትህ የተዛባ ይመስላል" የሚል መልእክት ደርሶታል። ከእነዚያ አንዱ የእኛ አባት ቢሆንስ? የአንድ ሰው ሕይወት ቢተርፍ ብሩ አነሰ?

ከቀበሌ 18፦
አያንስም። ግን ያ ጥናት የተሠራበት ሰዓት እኛ በመዋጮ የምንገዛው ዓይነት አይደለም፤ ከእሱ ጋር የሚሠራ ስልክም ይፈልጋል። እስከዚያ ግን በቡድናችን ውስጥ ያለው ትልቁ ነገር ግፊት ነው። ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም። ሰው እየሳቀ፣ እየሮጠ፣ ግፊቱ ከፍ ብሎ ይኖራል። የልብ ምት ሰዓት ይህን አይነግረውም፤ ምቱ 72 ሆኖ ግፊቱ 170 ሊሆን ይችላል።

ከማራኪ (ገንዘብ ያዥ)፦
እኔም ወደዚያው ነው የምመጣው። የማቀርበው ሐሳብ እንዲህ ነው፦ ለጥቂት ሰው ሰዓት ከመግዛት፣ ሁላችንም የምንጠቀምበት ክንድ ላይ የሚታሰር ጥሩ የግፊት መለኪያ እንግዛ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከመነሳታችን በፊት፣ አምስት ደቂቃ ቁጭ ብለን፣ ጀርባችንን አስደግፈን፣ ክንዳችንን በልብ ትክክል አድርገን እንለካ። እህታችን ነርሷ ካልከበዳት ትመዝግብልን።

ለሩጫው ደግሞ ብር የማያስወጣ መለኪያ አለን። እያወራችሁ መሄድ ከቻላችሁ ግን መዝፈን ካቃታችሁ፣ መካከለኛ ነው። ሁለት ሦስት ቃል ተናግራችሁ ትንፋሽ መሳብ ካለባችሁ፣ ጠንካራ ነው። ይህ መለኪያ መድኃኒት የሚወስደውንም፣ ጾም የያዘውንም፣ መተማ ያለውንም አይለይም። ሙቀቱንም፣ ዳገቱንም፣ የሌሊቱን እንቅልፍ ማጣትም ትንፋሽ ራሱ ይቆጥረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ለአዋቂዎች ያስቀመጠውን በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ በዚህ ብቻ ማሟላት ይቻላል። ሰዓት ያላችሁ እሰሩ፤ ከትንፋሻችሁ ጋር ሲጣላ ግን ትንፋሻችሁን እመኑ።

ከፒያሳ፦
በዚህ እስማማለሁ። ግን ምቴን ራሴ መቁጠር እፈልጋለሁ። በጣት ይቆጠራል ሲሉ እሰማለሁ።

ከቀበሌ 18፦
ይቆጠራል አባባ። መዳፍዎን ወደ ላይ ያድርጉ። የሌላውን እጅ ሌባ ጣትና መሐል ጣት በአውራ ጣት በኩል እጅ አንጓ ላይ ያስቀምጡ፣ በቀስታ ይጫኑ። በአውራ ጣት ግን አይቁጠሩ፤ የራሱ ምት አለው፣ ያሳስታል። ሲያገኙት 15 ሰከንድ ቆጥረው በ4 ያባዙ። ቆም እንዳሉ ወዲያው ይቁጠሩ፣ ቶሎ ስለሚወርድ። ምቱ ወጣ ገባ እያለ ካስቸገረዎት ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩና ለእኔ ይንገሩኝ። ቅዳሜ አብረን እንሞክረዋለን።

ከሳሙናበር፦
የግፊት መለኪያውን እደግፋለሁ። ሰዓቴን ግን አልፈታም።

ከማራኪ (ገንዘብ ያዥ)፦
ማንም ፍታ አላለህም ወንድም ዓለም። ድምፅ እስከ ዓርብ ማታ ስጡ። "መለኪያ" ወይም "ሰዓት" ብላችሁ ብቻ ጻፉ።

ከአዘዞ፦
ሰዓት። ከተሸነፍኩም አዲስ ጀማሪዎችን የመጀመሪያውን ወር እኔ ከኋላ ሆኜ ልያዛቸው። ወደ ጎሃ የሚያወጣውን ዳገትም ለእነሱ አንከፍትም፣ በሜዳማው መንገድ እንጀምራለን።