ዊልያም ሄንሪ ሉዊስ ሹመቱን መቀበል ነበረበት ወይስ አልነበረበትም?

— ሰውየውን ለማታውቁት፦ በ1868 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ቨርጂኒያ ከባርነት ነፃ ከወጡ ወላጆች ተወለደ፣ ሀርቫርድ ሕግ እየተማረ በፉትቦል (የአሜሪካኑ ማለቴ ነው) የ1892 እና የ1893 ኦል አሜሪካን ምርጥ ቡድን ውስጥ ገባ፣ ከጥቁሮች የመጀመሪያው እሱ ነው፣ ከዛ እዛው ሀርቫርድ ለዓመታት አሰልጥኖ ጥብቅናውንም ያዘ። በ1903 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ቦስተን ላይ ረዳት የፌደራል ዓቃቤ ሕግ አደረገው፣ ያሳጨው ግን ሉዊስ ራሱ ድሮ አጥብቆ ይቃወመው የነበረው ቡከር ዋሽንግተን ነው፣ ጥቁሮች መድልዎን ፊት ለፊት ከመታገል ይልቅ በትዕግስትና በሥራ ይደጉ የሚለው የጥቁሮች መሪ። ምን ትላላችሁ?

— እኔ ከድቷል ነው የምለው። በዛው ዓመት ሐምሌ ላይ ዋሽንግተን ቦስተን ቤተክርስቲያን ውስጥ ንግግር ሊያደርግ ሲመጣ መድረኩን የመራው ማን ነው፣ ሉዊስ ነው! የዋሽንግተን ተቃዋሚ የነበረው ጥቁሩ ጋዜጠኛ ትሮተር ጥያቄ ልጠይቅ ብሎ ተነስቶ ረብሻ ሆነ፣ ተይዞ 30 ቀን ተፈረደበት። የሉዊስ የድሮ የትግል ጓደኛ እኮ ነው።

— ወንድሜ፣ እኛ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እየተባልን ስላደግን የተሾመ ሁሉ የበላ ይመስለናል። ሉዊስ ገና ተማሪ እያለ ሀርቫርድ ባለበት ካምብሪጅ ከተማ ፀጉር ቤት ጥቁር አንላጭም ሲሉት ዝም አላለም፣ ማሳቹሴትስ ሕጉን እንድታሻሽል ያደረገ ሰው ነው። ፕሬዚዳንት ታፍት ረዳት ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ካደረገው በኋላም በ1912 የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ጥቁር መሆኑን ሲያውቅ ልቀቅ አለው፣ አልለቅም ብሎ ሽንጡን ገትሮ ቆመ፣ አለቃው ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ዊከርሻምም ለማኅበሩ አባላት በሙሉ ደብዳቤ ጻፈለት። ያ ወንበር ባይኖረው ማን ይሟገትለት ነበር?

— እሱ አባል ሆኖ ቀረ፣ ከሱ በኋላ ማኅበሩ ለመግባት የሚያመለክት ግን ዘሩን ይጻፍ ተባለ እኮ። በሩ በሱ ላይ ባይዘጋም በሌላው ላይ ተዘጋ፣ ይሄንን ድል ልለው አልችልም።

— ታዲያ በሩን የዘጋው ማኅበሩ ነው እንጂ ሉዊስ ነው እንዴ? ስለ ኳሱም አንድ ነገር ልበል፣ በ1905 ተጫዋቾች ሜዳ ላይ እየሞቱ ጨዋታው ይታገድ ሲባል ፊት ለፊት የሚሰለፉት የሁለቱ ቡድኖች መስመሮች በኳስ ርዝመት ያህል ይራራቁ የሚለው ሀሳብ የሱ ነው፣ እስከዛሬም ይሠራል። ጨዋታውን ከውስጥ ሆኖ ነው ያስተካከለው፣ መንግሥት ውስጥም የገባው በዚሁ አስተሳሰብ ይመስለኛል።

— ሜዳው ላይስ እሺ። ታፍት ግን ደቡብ ላይ ጥቁሮችን ከሹመት እያራቀ ነበር፣ አንድ ሉዊስን ዋና ከተማው ዋሽንግተን አስቀምጦ ሌላውን ዝም ማሰኘት ለሱ ርካሽ ዋጋ ነው፣ ሉዊስም ይሄን ሳያውቅ አልቀረም።