«ቤት አለሁ» እና «ቤት አለው»

ጥያቄ፦ «በጣም አመሰግናለው» የሚል ጽሑፍ በዝቷል። ሲነበብ ያው ነው የሚሉ አሉ። እውን የትርጉም ለውጥ የለውም?

መልስ፦ አለው እንጂ! «ቤት አለሁ» ያለ ሰው እቤቱ ተቀምጧል፤ «ቤት አለው» የተባለው ግን ከኪራይ የተገላገለ ነው። ሁ «እኔ» የሚል የባለቤት ምልክት ነው፤ ው ደግሞ «እሱን» የሚል ተሳቢ። ስለዚህ «ስልኩን ረሳው» ብለው ከጻፉ የረሳው ሌላ ሰው ነው፣ እርስዎ የሉበትም። አየሁ/አየው፣ ሰማሁ/ሰማው፣ በላሁ/በላው እንዲሁ ናቸው። «አመሰግናለው» ግን ከነጭራሹ ቃል አይደለም፤ «እሱን» ማለት ቢፈለግ እንኳ ተሳቢው መሐል ይገባል፦ አመሰግነዋለሁ።

ስሕተቱ የሚመጣው ከአፍ ነው። በሁለት አናባቢ መካከል ያለች ህ ስትላላ ሁ እንደ ው ይሰማል። ከተነባቢ በኋላ ሁ ብዙ ጊዜ ኩ ስለሚሆን (ሄድኩ፣ ነበርኩ) እዚያ ላይ የሚሳሳት የለም።

መፈተኛው ቀላል ነው፤ ባለቤቱን «እኛ» ያድርጉት። አየን፣ አመሰግናለን ካለ ሁ ነው። «እሱን» ወደ «እሷን» ሲለወጥ «አያት» ካለ ው ነው። «የመጣውት» ብሎ ነገርም የለም፤ ወይ «የመጣሁት» ነው ወይ «የመጣው»።

ጭማሪ፦ እኔን የባሰ የሚያናድደኝ «መቶ» ነው። «ልጁ መቶ ሄደ» ይላሉ። መቶ ምን? ብር? መጣ ካለ መጥቶ፣ መታ ካለ መትቶ ነው። በፈጣን ንግግር ጥ በት ስለምትዋጥ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ ፊደላችን ደግሞ ጥብቀትን አያሳይምና ቁጥሩም ይደባለቃል። በዚሁ ከቀጠልን ሥራ ያጣው ሁሉ «ሥራ አቶ» ሊባል ነው። «ምን አልባት»ም ተለያይቶ አይጻፍም፣ ምናልባት አንድ ቃል ነው። «ነዉ» የካዕብ ዉ ነው፤ የሚፈለገው ሳድሱ ው።

ጥያቄ፦ ሞክሼዎቹስ? ሰ እና ሠ?

መልስ፦ እነሱን ከዚህ ጋር ባንቀላቅል ይሻላል። «መንግስት» ብሎ የጻፈ ሰው ሥሩን (ነግሠ) ያጠፋል እንጂ አንባቢውን አያሳስትም። በግእዝ ግን ሰአለ ለመነ፣ ሠዐለ ሥዕል ሣለ ነው፤ በእሳቱ ሰ እና በንጉሡ ሠ መካከል ያለው ርቀት ይህን ያህል ነው። በአማርኛም አንድ ጥንድ ያስጠነቅቃል፦ በብዙኃኑ ኅ «ድኅነት» መዳን ሲሆን በሃሌታው ህ «ድህነት» ማጣት ነው። «የድኅነት ቅነሳ» የሚል ርዕስ የሚቀንሰው ሌላ ነገር ነው።