መቂ ላይ የናፍጣ ፓምፕን በሶላር መተካት ያዋጣል?

የሽንኩርት ማሳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ግማሽ ሄክታር ሽንኩርት፣ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ ከአፉ እስከ ውኃው 12 ሜትር። ናፍጣው አልቻል ብሏል። ሻጮች ስድስት ፓነል፣ ኢንቨርተርና አራት ባትሪ ያስፈልጋል ይላሉ። እውነት ይሄ ሁሉ ያስፈልጋል? ወጪውንስ ይመልሳል?

ውኃ ልክ፦
ከፓነል ቁጥር ሳይሆን ከውኃው ይጀምሩ። ሽንኩርት በበጋ በቀን ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ውኃ ይፈልጋል። በቦይ ሲለቀቅ የሚባክነው ሲታከልበት ለግማሽ ሄክታር 50 ሜትር ኩብ ግድም ነው። ጥልቀቱን ፓምፑ እየሠራ ሳለ ይለኩት፤ 12 የነበረው 15 ሊደርስ ይችላል። የሮቶው ማማና ቱቦው ሲጨመር 20 ሜትር ይያዙ። 1 ሜትር ኩብ ውኃ 1 ሜትር ከፍ ለማድረግ 2.7 ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ስለዚህ በቀን 2.7 ኪሎ ዋት ሰዓት። ፓምፑ ግማሹን ስለሚያባክን 5.4 ይሆናል። ለ5.5 የሙሉ ፀሐይ ሰዓት (የቀኑ ብርሃን በሙሉ ኃይል እንደወጣ ሲታሰብ የሚያህለው ሰዓት) ሲካፈል 1 ኪሎ ዋት፣ ለሙቀት፣ ለአቧራና ለገመድ ሲጨመርበት 1.4። ባለ 550 ዋት ሦስት ፓነል ይበቃል። ባትሪውን ይተዉት፤ የሚጠራቀመው ውኃው ነው። ፓምፑ ከነኮንትሮለሩ (ከነመቆጣጠሪያው) በዲሲ፣ ማለትም ፓነሉ በሚያወጣው ኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ዲሲውን ወደ ኤሲ የሚቀይረው ኢንቨርተርም አያሻም።

ገመድና ፊውዝ፦
ሒሳቡ ልክ ነው፤ ግን እኩለ ቀን ላይ ፓምፑ በሰዓት 9 ሜትር ኩብ ይጎትታል። ብዙ የእጅ ጉድጓድ ይህን አይሰጥም፤ መጀመሪያ ባለው ሞተር ይፈተን። ካልቻለ ትንሽ ፓምፕና ጠብታ መስኖ ይሻላል። ውኃ ሲያልቅ የሚያቆም ሴንሰር የግድ ነው፤ ደረቅ የዞረ ፓምፕ በደቂቃዎች ውስጥ ይበላሻል። ሦስቱ ፓነል በሲሪስ (አንዱ ከሌላው በተከታታይ) ሲያያዙ ያለ ጭነት፣ ማለትም ፓምፑ ሳይሠራ 150 ቮልት ይደርሳሉ፣ በጠዋት ብርድ ደግሞ ይጨምራል፤ ኮንትሮለሩ ቢያንስ 165 የሚችል ይሁን። ፓነሉን ወደ ደቡብ 15 ዲግሪ ያዘንብሉት፣ ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበው። የአንድ ዛፍ ጥላ ሦስቱንም ያዳክማል።
መቂ ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች ላይ የተቀመጠ ፓምፕ ከ6 ሜትር ወዲያ አይስብም። ለዚህ ሲባል ሞተሩን ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ የሚያስነሳ ካለ፣ እባካችሁ ይቅር፤ ጭሱ ሰው ይገድላል።

የበጋ ሒሳብ፦
ለዚህ ሥራ ናፍጣው በቀን ከ2.5 ሊትር አያንስም፤ ያረጀ ሞተር እስከ 4 ይጠጣል። በዓመት ሁለት ዙር ከተመረተ 200 ቀን ቢያጠጡ 500 ሊትር። በማደያው ዋጋ ያባዙት፣ ዘይትና መለዋወጫ ይጨምሩ፣ የሶላሩን ጠቅላላ ዋጋ ለዚያ ያካፍሉ፤ የሚወጣው ቁጥር ወጪውን በስንት ዓመት እንደሚመልስ ይነግርዎታል። አንድ ዙር ብቻ ከሆነ ፓነሉ ከግማሽ ዓመት በላይ ሥራ ይፈታል፤ ያኔ ከጎረቤት ጋር በጋሪ እያዘዋወሩ መጠቀም ነው የሚያዋጣው። የብሩ ምንዛሬ በሐምሌ 2016 ከተለወጠ ወዲህ የፓነል ዋጋም ስለናረ በድሮ ዋጋ አያስሉ። የመብራት ምሰሶ ቅርብ ከሆነ ግን አስቀድመው እሱን ይጠይቁ፤ ታሪፉ አሁንም ርካሽ ነው።
ሻጩ ፓምፑ በ20 ሜትር ከፍታ በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ እንደሚሰጥ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ካላቀረበ አይግዙ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ውኃው ምንም ከፍ ሳይል የሚሰጠው ነው።