ቢኤምአይ 28 ሴትም ወንድም ላይ አንድ ነው?

አባይ ማዶ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ባሕር ዳር ውስጥ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞችን እየለካን ነው። የ46 ዓመት ወንድና የ46 ዓመት ሴት ሁለቱም ቢኤምአይ (ክብደት በኪሎ ለቁመት በሜትር ካሬ ሲካፈል) 28 ወጣላቸው። የወገብ ልክ ሰንጠረዡ ግን ለአውሮፓ ሌላ፣ ለእስያ ሌላ ይላል። የእኛ የቱ ነው? ሴቷ ደግሞ «የልብ ሕመም የወንድ ነው» ትላለች።

ቤዛዊት፦
ወንድሜ፣ ቢኤምአይ ስቡ የት እንደተቀመጠ አይናገርም። ዳሌና ጭን ላይ ያለው ብዙ አይጎዳም፤ አስቸጋሪው አንጀትና ጉበት ዙሪያ ያለው ነው። ወንድ ቶሎ ሆዱ ላይ ያከማቻል፤ ሴቷም የወር አበባ ሲቆም ትከተለዋለች።

የልብስ ሰፊ ሜትር ያዝ። ከመጨረሻው ጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት አናት መሀል ላይ፣ ትንፋሽ ወጥቶ ሲያበቃ ለካ። ሱሪው የታሰረበት ላይ እንዳትለካ፤ ቦርጫም ሰው ቀበቶውን ከቦርጩ በታች ነው የሚያስረው። መቀነትም ይፈታ።

ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ለአውሮፓ ወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴ.ሜ፤ ለደቡብ እስያ ወንድ 90 ብሏል። ከሰሃራ በታች ላለነው «በቂ መረጃ እስኪገኝ የአውሮፓውን ውሰዱ» ነው ያለው። 94 እኛ ላይ ተለክቶ የወጣ ቁጥር አይደለም ማለት ነው። ለእኔ የሚቀለው ወገብ ከቁመት ግማሽ እንዳይበልጥ ማየት ነው፤ 160 ሴ.ሜ ለሆነች ሴት 80።

ላብራቶሪ ሰው፦
የእንግሊዝ መመሪያ ለእስያም ለጥቁር አፍሪካዊም የውፍረት መነሻውን ወደ ቢኤምአይ 23 አውርዷል፤ 27.5 ላይ «ከልክ ያለፈ ውፍረት» ይለዋል። በዚያ ሂሳብ ሁለቱም አልፈዋል።

ሌላው ወጥመድ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ ነው። አፍሪካዊ ዝርያ ባላቸው አሜሪካውያን ላይ እንደታየው፣ ኢንሱሊን መሥራት አቅቶት እንኳ ትራይግሊሰራይድ ከ150 (ሚ.ግ/ዴ.ሊ) በታች ሊሆን ይችላል። እነሱን በብዛት የሚያጠቃው የደም ግፊትና ስትሮክ ነው። ስለዚህ የስብ ውጤት «ኖርማል» ስላለ አትሸኙ፤ ግፊትና የጾም ስኳር ይለካ። ኤችዲኤል (ጥሩው ኮሌስትሮል) ከ40 በታች ለወንድ፣ ከ50 በታች ለሴት ዝቅተኛ ነው።

ግፊት ስትለኩ አምስት ደቂቃ ይረፉ፣ ከግማሽ ሰዓት ወዲህ ቡና አይጠጡ። ወፍራም ክንድ ላይ ጠባብ ጨርቅ ከጠመጠማችሁ ግፊቱ ከእውነተኛው በላይ ይወጣል፤ ሰውን በከንቱ መድኃኒት ላይ ታስገባላችሁ።

ጢስ ዓባይ፦
የሴቷን ነገር ላንሳ። በ52 አገሮች የተካሄደው ኢንተርኸርት ጥናት ሴቶችን የመጀመሪያው ድንገተኛ የልብ ሕመም ከወንዶች ወደ 9 ዓመት ዘግይቶ እንደሚያገኛቸው አሳይቷል። ዘገየ እንጂ ቀረ አላለም። ስኳር ያለባት ሴት ደግሞ ያ ብልጫ በእጅጉ ይቀንስባታል።

መዝገባችሁ ላይ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ በእርግዝና ጊዜ ግፊት ወይም ስኳር ነበረሽ? ነበር ካለች ስጋቷ ከፍ ይላል፤ ልጁ ቢያድግም። ደረት ሕመም ሴቶችንም ያማል፤ ግን የመንጋጋ ወይም የጀርባ ሕመም፣ ማቅለሽለሽና ትንፋሽ ማጠር ሲቀላቀል «ጨጓራዬ ተነሳብኝ» ተብሎ ቤት ይታደራል።

አባይ ማዶ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ወገብና የእርግዝና ጥያቄው ነገ ቅጹ ላይ ይገባሉ። ጨርቁ ግን ያለን አንድ መጠን ብቻ ነው።

ላብራቶሪ ሰው፦
እንግዲያው ትልቁን ሳታገኙ ወፍራም ክንድ ላይ የወጣውን ቁጥር አትመዝግቡ።